ጮቄ ላይ የለበጥነው የጣውላ ቤት

ሥራ በጀመርሁበት ቀን እግሮቼ በቦታቸው መኖራቸውን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ባለው መንደራችን በመኸር መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። አያ ደምሌ ወደ አንድ ጉድጓድ ወሰዱኝና ጭድ የተነሰነሰበትን ጭቃ አሳይተው ግባና ርገጥ አሉኝ። ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ሰጠምሁ። ከዚያ በኋላ እየረገጥሁ መሆኔን የማውቀው ጭቃው ሲነቃነቅ በማየት ብቻ ነበር።

አያ ደምሌ በአካባቢው አሉ ከሚባሉ መራጊዎች አንዱ ነበሩ። ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ጣራ ይከድናሉ፣ ከሁሉም አብልጠው ደግሞ ይሟገታሉ። ጭቃ መድረሱን የሚያውቁት በአፍንጫቸው ነው። በመዳፋቸው ዝቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠላ ጠማቂ ድፍድፏን እንደምታሸት ያሸቱታል። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በደንብ የቦካ ጭቃ ግን ግድግዳውን ይዞ ይኖራል። የሚቦካውም በስምንት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ንጉሥ ቢያዘውም አይቦካም።

በስምንተኛው ቀን እኔም ጭቃውም አብረን ሸተትን። ሚስቴ ውድነሽ ውሃ ይዛ ደጅ ላይ ጠበቀችኝና ሳትታጠብ አትገባም አለችኝ። የሙያ ሽታ ነው ብላት፣ እንግዲያው ከሙያህ ጋር በረት እደር አለች። እኛ አገር ሚስት እንዲህ ካለች ይግባኝ የለም።

ጭቃ የገባሁት ወድጄ አልነበረም፤ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ስለነበርሁ ነው። የዛሬ ወጣት ግንበኞች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። በአንድ በሬ አይታረስም። ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው ሌላ ብጤውን ፈልጎ ይቀናጃል፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ይታረሳል። እኔ የተቀናጀሁት ከአያ ደምሌ ጋር ነበር። የእኔ በሬ ቦራ ይባላል፤ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጉልበቱ የሁለት በሬ፣ ሆዱ የአራት ነበር። ቦራ ከሌለ እኔም አላርስም፣ አያ ደምሌም አያርሱም። ሁለት ቤተሰብ የሚበላው በዚያ በሬ ጫንቃ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ከተደላደለ በኋላ ከመንደራችን በላይ ባለው ሸንተረር ላይ የስልክ ጥበቃ ሠፈር ተከለ። አንድ ተነንቴ፣ አንድ ሙንታዝና ሰባት አስካሪዎች መጡ። ተነንቴ በእኛ አባባል መቶ አለቃ፣ ሙንታዝ አሥር አለቃ፣ አስካሪ ደግሞ ጣሊያን የመለመለው ጥቁር ወታደር ነው። ለተነንቴው ጣውላና ቆርቆሮ በበቅሎ ተጭኖ መጣና አንዲት ቤት ተሠራችለት። ሙንታዙና አስካሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ።

ያችን ቤት የሠራት ሰው ቆላ የለመደ መሆን አለበት። ጣውላው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ጣት ያስገባል። ቆርቆሮው ከሥሩ ምንም የለውም፤ የሰውየው ትንፋሽ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ውርጭ ሆኖ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል። የጥይት ሳጥኖቹ አልጋው ሥር ስለተደረደሩ እሳት ማንደድ አይችልም። ስለዚህ ተነንቴው ሁለት ካፖርት ደርቦ፣ አፍንጫው በርበሬ መስሎ፣ ቀኑን ሙሉ ሸንተረሩ ላይ ይንጎራደድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከታች ሆነን ስናየው ደስ ይለን ነበር።

አንድ ቀን ፍራሹ እርጥበት ስለገባው ፀሐይ ላይ አሰጣው። ፍራሹ የተሞላው በገለባ ነው። ቦራ ደግሞ እዚያው አጠገብ ይግጥ ነበር።

ተጠርቼ ስደርስ ከፍራሹ የቀረው ጨርቁ ብቻ ነው። ቦራ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ተነንቴው ሽጉጡን ይዞ ፊቱ ቆሞ ይጮኻል፤ በሬው ጣሊያንኛ ስለማይችል አልተቆጣም። አማርኛ የሚያውቀው ሙንታዝ ተስፉ ፍርዱን ተረጎመልኝ። በሬው ታስሯል። የፈረንጆቹ የልደት በዓል ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚያ ቀን ታርዶ ይበላል።

ወደ አያ ደምሌ ቤት ሮጥሁ። ነገሩን ስነግራቸው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ለሙግት እንደሚሄድ ሰው ተነሡ። ሠፈሩ ደርሰን ተነንቴው እግር ላይ ልወድቅ ስል በነጠላዬ ጎትተው አስቀሩኝ። እሳቸው ተነንቴውን አላዩትም፤ ያዩት ግድግዳውን ነው። ጣታቸውን በጣውላው ክፍተት አስገቡ፣ አወጡ፣ ደግሞ አስገቡ።

"ለጌታህ ንገረው" አሉት ሙንታዙን። "እሱን የቸገረው በሬ አይደለም፣ ቤት ነው። ቤቱን እናሙቅለት፣ በሬያችንን ይስጠን።"

ተነንቴው ይህ ሲተረጎምለት ራሱም ጣቱን በክፍተቱ አስገብቶ አየ። ከዚያ ገብቶ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ያለበት ረጅም ብልቃጥ አወጣ። ክሩ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል፤ የብርድ መለኪያ ነው ተባልን። ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀለውና አጠገቡ በምስማር ጫረ። በበዓሉ ጠዋት ስነቃ ክሩ ከዚህ ጭረት ከደረሰ በሬህን ውሰድ፣ ካልደረሰ ወጥ ነው አለ። ተስማማን። ሌላ ምን ምርጫ ነበረን።

ለጠላት ሠራህ የሚለኝ ሰው አልጠፋም፤ ዛሬም አልክድም። ያ ጠላት በሌላው አገር ስንት ቤት እንዳቃጠለ አውቃለሁ፣ አልረሳሁትምም። እኔ ግን በሬዬ ታስሮብኝ ነበር። ነገሩን የዘጋችው ውድነሽ ናት፤ ባንዳ ካላችሁ ባንዳው ቦራ ነው፣ የጣሊያን እንጀራ የበላው እሱ ነው አለቻቸው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀርቀሃ ቆርጠን፣ ሰንጥቀን ሸመንነው። የተሸመነውን ከጣውላው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አስገብተን ዙሪያውን አቆምነው። በጣውላውና በቀርቀሃው መካከል የገብስ ጭድ እየሞላን በእንጨት ጠቀጠቅነው፤ የጭዱ ጥበብ አለመላላትም አለመጥበቅም ነው። የቀርቀሃውን ፊት በቦካ ጭቃና በእበት መረግነው። ለጣራው ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የቀርቀሃ ኮርኒስ ሠርተን አንድ ክንድ ውፍረት ያለው የጓሳ ሣር አለበስነው። ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮው መንጠባጠቡን አቆመ።

ጭቃው ስምንት ቀን መቦካት አለበት ስንለው ተነንቴው አላመነም። ተንኮል መሰለው። በእሱ አገር ጭቃ በአንድ ቀን እንደሚደርስ አስነገረን። አያ ደምሌ፣ የአገሩ ጭቃ እንዲያ ቶሎ የሚደርስ ከሆነ እዚህ ድረስ ምን አመጣው አሉ፤ ሙንታዙ ይህን አልተረጎመም።

ጭቃውን እንዳናበላሽበት ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠመንጃ የያዘ አስካሪ ተመደበ። ተነንቴው ጠዋት ጠዋት ሲመጣ አስካሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ይሰጥና ጭቃው በቦታው እንዳለ በጣሊያንኛ ሪፖርት ያደርጋል። በአምስተኛው ቀን አስካሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ አሽቶ ገና ነው አለን። በስምንተኛው ቀን ከአያ ደምሌ ቀድሞ ደርሷል አለ። አያ ደምሌ በሰውየው አፍንጫ ቀኑን ሙሉ ሲገረሙ ዋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራው አለቀ። አያ ደምሌ ኩራዝ ለኩሰው ግድግዳውን ዙሪያውን ዞሩ፤ ነበልባሉ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ነፋስ አይገባም ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ልባጥ አላየሁም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ክሩን ስናይ ከጭረቱ ሁለት ጣት ቀርቶታል። በሳምንቱም ሁለት ጣት ቀርቶታል። አያ ደምሌ ብልቃጡን ሰደቡት።

ከዚያ ያልተገባ ነገር አደረግን። አያ ደምሌ ብልቃጡን ከግድግዳው አውርደው ብብታቸው ውስጥ ይዘው ቆዩና ተነንቴው ሊገባ ሲል መልሰው ሰቀሉት። ተነንቴው ክሩን አይቶ ዓይኑን አላመነም። አንዱን ካፖርት አወለቀ። ሁለተኛውን ሊያወልቅ ሲል የገዛ ትንፋሹ አፉ ላይ ሲጨስ አየ። መልሶ ለበሰና ለሙንታዙ የሆነ ነገር አለው። ክሩ የሚያሳየው የምጽዋን ሙቀት ነው ማለቱ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ እንዳናታልለው ብልቃጡን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱም፣ ሸንተረሩም፣ በረዶውም ሞቃት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሙንታዝ ተስፉ ኪስ ምንጊዜም እንደሚሞቅ በትሕትና አስረዳው፤ ብልቃጡ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ይህም ሳያንስ ክሩ ጭራሽ መውረድ ጀመረ። የኋላውን ግድግዳ ብንመታው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጭዱ የለም። አንድ ሸክም አምጥቼ ሞላሁት፤ በማግሥቱ የለም። እንደገና ሞላሁት፤ እንደገና የለም። ተነንቴው ተንኮል ነው አለ። እኔ አስካሪዎቹ ለበቅሎ እየሰረቁ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። አያ ደምሌ አይጥ ነው አሉ፤ በአንድ ሌሊት አንድ ሸክም ጭድ የሚጨርስ አይጥ። ቦራ ከኋላ በኩል ከግድግዳው ጥግ ታስሮ ይውላል፣ ያድራል። ታስሮ የሚወፍር ፍጥረት እሱን ብቻ ነው ያየሁ፤ በደንብ ይቀልቡታል ብዬ ነበር የማስበው።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት ጭድ ተሸክሜ ወጣሁ። ከቤቱ ኋላ ስደርስ የቦራ ዳሌ አለ፣ ጭራው አለ፣ ጭንቅላቱ የለም። አንዱን ጣውላ ገንጥሎ፣ ጭዱን ጨርሶ፣ እስከ አንገቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል።

ዞሬ በበሩ ስገባ ሙንታዝ ተስፉ የመላጫ ውሃ እንደያዘ ደርቆ ቆሟል። የቦራ ጭንቅላት ቀርቀሃውንና ጭቃውን ሰብሮ ከተነንቴው ትራስ በላይ ወጥቷል። ያመሰኳል። በተነፈሰ ቁጥር የተነንቴው ፀጉር ይርገበገባል። ተነንቴው ያለ ካፖርት፣ ያለ ኮፍያ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሁለታችንም ዓይናችን ወደ ብልቃጡ ሄደ። ክሩ ጭረቱን አንድ ጣት አልፎታል።

ተነንቴው ነቃ። ከፊቱ የበሬ ፊት አለ። እኔ ማተቤን ጨብጬ ጸሎት ጀመርሁ። እሱ ግን አልጮኸም። እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ በቦራ አፍንጫ ሥር አደረገና ሞቀ።

ወዲያው ሙንታዙን፣ ክሩ ደርሷል፣ በሬዬን ልውሰድ በልልኝ አልሁት። ተነንቴው አልጋው ላይ ተቀምጦ አሰበና መልሱን ሰጠ።

"ቤቱን ያሞቀው በሬው ነው። በሬው ከሄደ ቤቱ አልሞቀም። ካልሞቀ ደግሞ ውሉ ፈርሷል፤ በሬው የእኔ ነው። ብርዱ እስኪያልፍ እዚህ ይቆያል።"

ጮቄ ላይ ደግሞ ብርድ አያልፍም።

አያ ደምሌ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ሙግት መጣ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ተነንቴው ፊት ቆሙና ዋስ ጥራ አሉት። ተነንቴው ዋስ ምንድን ነው ሲል ሙንታዙ አስረዳው፤ ለነገርህ የሚቆምልህ፣ አንተን የሚያውቅ የአገር ሰው ማለት ነው። ተነንቴው ጥቂት አሰበና እዚህ አገር የሚያውቀኝ ሰው የለም አለ። አያ ደምሌም ዋስ የሌለው ሰው አይሟገትም ብለው ረትቼዋለሁ አሉና ቁጭ አሉ። በአገር ሕግ በእርግጥ ረትተውታል። በሬው ግን እንደታሰረ ነው።

ስንወርድ መንገድ ላይ ቆም ብለው ግንባራቸውን መቱ። "ድስት ለብጠን፣ ውስጡ ምንም ሳንጨምር፣ ለምን አልሞቀም ስንል ከረምን" አሉ። እውነታቸውን ነበር። በእኛ ቤት ሰው፣ ከብት፣ እሳት ሁሉም ባንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ለዚያ ነው ጭዱና ጭቃው የሚያሞቅ የሚመስለን። አንድ ቀጭን ሰው ያለ እሳት ብቻውን የሚተኛበት ቤት ከዚያ በፊት ለብጠን አናውቅም።

በማግሥቱ የታዘዝነውን ስሙ። በሩን አሰፋነው። ውስጡን በወገብ ልክ ከፍለን፣ መርገን፣ ግርግም ሠርተን በረት አደረግነው። ቦራ ገባ። የገዛ በሬዬን እስር ቤት በገዛ እጄ ለሰንሁት። እርሻ ከጥምቀት በኋላ ይጀመራል፤ በሬው ካልወጣ ሁለት ማሳ ጦሙን ያድራል። መንደሩ ቦራ ተሾመ እያለ ይስቅ ነበር፤ አንዳንዱ ግራዝማች ቦራ ይለው ጀመር። እኔም ፊት ለፊት ስቄ፣ ወንዙ ዳር ብቻዬን ስሆን አለቀስሁ።

የተናደድሁት ግን እኔ ብቻ አልነበርሁም። አስካሪዎቹ በድንኳን ሲንቀጠቀጡ ያድሩና ጠዋት ተነሥተው የቦራን እበት ይጠርጋሉ። አንድ ቀን የተሰበረውን ግድግዳ ስጠግን ሙንታዝ ተስፉ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ጢሙ ላይ ውርጭ አለ።

"ስምንት ሰው ድንኳን ውስጥ ይበርደዋል" አለ። "በሬ ቤት ውስጥ ያመሰኳል።"

እኔ ጭቃውን ማለስለሴን ቀጠልሁ። ቀጥሎ የሙያ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አንድን በሬ የሚያክል ሙቀት ስንት ሰው ይሰጣል አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለክቼ እንደማላውቅ፣ ነገር ግን ስምንት ሰው ከአንድ በሬ እንደማያንስ ነገርሁት። አመሰግናለሁ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ጮቄ ላይ ጉም ወረደ፤ ሰው የገዛ እጁን የማያይበት ጉም። ቦራን ውሃ ሊያጠጣ የወሰደው ሌላ ሳይሆን ሙንታዙ ራሱ ነበር። ረፋድ ላይ ውድነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ። ቦራ ገመዱን እየጎተተ ደጃችን ላይ ቆሟል፤ ቁርሱ የዘገየበት ይመስላል። አንገቱን አቀፍሁት። ውድነሽ እየሳቀች፣ እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ ታውቃለህ አለች። ቶሎ ብለን ወደ ውስጥ አስገባነውና በሩን ዘጋን።

ላይ ሠፈሩ ውስጥ የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ሙንታዝ ተስፉ በሬው በጉሙ ውስጥ ገደል ገባ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሰባቱም አስካሪዎች መሰከሩ፤ አንዱ እንዲያውም ሲወድቅ ድምፁን ሰምቻለሁ አለ። ተነንቴው ከልቡ አዘነ። ክሩም ወረደ።

ያን ጊዜ ሙንታዙ ሐሳብ አቀረበ፤ ጥይቱ ያለ ጠባቂ ስለሚያድር ጠባቂዎቹ ቤት ውስጥ ቢሆኑ አለ። ተነንቴው አይሆንም አለ። መኮንን ከአስካሪ ጋር ባንድ ጣራ አያድርም፤ ሕጋቸው ይከለክላል። ከበሬ ጋር ማደርን ግን የሚከለክል ሕግ አልነበራቸውም። በሦስተኛው ጠዋት የመላጫው ውሃ ሳህኑ ውስጥ ረጋ። ተነንቴውም በጽሑፍ ትእዛዝ አወጣ፤ ጥይቱን ስምንት ሰዎች ቤት ውስጥ ሆነው፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ተኝተው እንዲጠብቁ።

በበዓላቸው ጠዋት አስጠራኝ። ወጣሁ፤ ቦራ ቤቴ ውስጥ መሆኑን የደረሰበት መሰለኝ። ክሩ ጭረቱ ላይ ነበር። ቤቱ ሞቋል፣ ሥራህ መልካም ነው፣ በሬውን እንዳልሰጥህ ገደል ገባብን፣ አዝናለሁ አለኝ በሙንታዙ አንደበት። ዘመድ እንደሞተበት ሰው አንገቴን ደፋሁ። ሙንታዙ ኮርኒሱን ያይ ነበር።

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተነንቴው ሙንታዙን አስከትሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወርድ ደጃችን ላይ በቅሎውን አቆመ። ነፋሱ ይጋረፍ ነበር። የጭቃ ባለሙያው የራሱን ቤት እንዴት እንደለበጠ ማየት ይፈልጋል አለ ሙንታዙ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እንግዳ ደጅ ላይ አይመለስም፤ ያውም ሽጉጥ የታጠቀ እንግዳ።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ውስጡ ጨለማ ስለሆነበት መካከል ላይ ቆመ። ጓንቱን አወለቀ። ሞቃት ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ምን አደረግህበት ሲል አስጠየቀኝ። ጭድ ነው ጌታዬ፣ ጭድ ብቻ አልሁ። ይህን ጊዜ ከበረቱ በኩል ቦራ በረጅሙ ተነፈሰ።

ተነንቴው ዞረ። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀ። የቦራ ግንባር ነጭ ሆኖ ታየው። ማንም ሳይጠይቃት ውድነሽ፣ የወንድሜ በሬ ነው፣ ከይጁቤ ነው የመጣ አለች። ሙንታዙ ይህችን አጭር ነገር በጣም በረጅሙ ተረጎመ።

ተነንቴው ወደ በረቱ ተጠጋና እጁን በቦራ አፍንጫ ሥር አደረገ። እንዲያ እንዳለ ቆየ። በዚያች ጊዜ በሬዬን መውሰድ፣ ቤቴን ማቃጠል፣ ሙንታዙን መረሸን ይችል ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቀጥሎ ፊቱን ሳያዞር ጥቂት ቃል ተናገረ። ሙንታዙ ተረጎመ።

"እንዲህ ይላል፤ ስምንታችሁም ታንኮራፋላችሁ። እሱ አያንኮራፋም ነበር።"

ተነንቴው ጓንቱን አጥልቆ ወጣ። በቅሎው ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም። ሙንታዝ ተስፉ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ለመነ፤ ሁለት ጣሳ ጠጣና ሮጦ ተከተለው። ከጥምቀት በኋላ ቦራን ከአያ ደምሌ በሬ ጋር ጠመድነው፤ ሁለቱም ማሳ ታረሰ።

ጭድና ጭቃ ሙቀት አይሠሩም፤ ያለውን ይዘው ያቆያሉ። ቤት ለመለበጥ የተጠራ ባለሙያ ግድግዳውን ከመለካቱ በፊት ውስጡ ስንት ነፍስ እንደሚያድር ይጠይቅ።